አደጋው ለምን ደረሰ?

ጧት ለሥራ የወጣ ሰው ማታ በደኅና እንዲመለስ የማይመኝ ቤተሰብ የለም። ይሁን እንጂ በሥራ ላይ አደጋ ሲደርስ ከብዙዎቻችን አፍ ቀድሞ የሚወጣው «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። አንዳንዴም «ዕድሉ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ሁለቱም ለነገው ሠራተኛ አይበጁም።

በጥር ወር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ ከተማ አጠገብ የደረሰውን የባቡር አደጋ እናስታውስ። መንገደኞችን የጫነው ባቡር ድልድዩ መታጠፊያ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ሠረገላዎቹ ገደል ሲገቡ ከ400 የሚበልጡ ሰዎች ሕይወት ጠፋ። ፍጥነቱን አልቀነሰም የተባለው ነጂም ታሰረ። ነገር ግን ነጂን መቅጣት ብቻውን የሚቀጥለውን ባቡር አያድንም። እንዲህ ያለ አደጋ ሲመረመር ነጂው ስንት ሰዓት ሠርቷል፣ ፍሬኑ መቼ ታይቷል፣ የፍጥነት ምልክቱስ በግልጽ ይታያል ወይ ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ዛሬም ከአዋሽ ተነስቶ በገዋኔና በሚሌ አልፎ በሰመራ በኩል ወደ ጅቡቲ በሚዘልቀው መንገድ ከባድ መኪናዎች ሌትና ቀን ይመላለሳሉ። በዚያ ሙቀት ድካምና የውሃ ጥም የሰውን ንቃት ይቀንሳሉ። ሾፌሩ «እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ነበር» ሲል፣ ምድጃ ፊት የምትውለው የምግብ ቤት ሠራተኛ «አዙሮኝ ልወድቅ ነበር» ስትል፣ ነገሩ ተራ ወሬ ሳይሆን የአደጋ ማስጠንቀቂያ ነው።

«ዘንድሮ አንድም አደጋ አልተመዘገበም» መባሉም ብቻውን የጥንቃቄ መለኪያ አይሆንም። ሠራተኛው ቅጣት ፈርቶ ከደበቀ መዝገቡ ባዶ ይሆናልና። የተሻለው መለኪያ ለጥቂት ከከሸፉት አደጋዎች ስንቱ ተነገረ፣ ከተነገረውስ ስንቱ በስንት ቀን ተስተካከለ የሚለው ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለት ይኸው ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው በሥራ ላይ የሚደርሱ አደጋዎችን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አገልግሎት እንዲያስታውቅ ያዛል። ሠራተኛውም አደጋ ሊያስከትል የሚችል ጉድለት ሲያይ ለአሠሪው የማሳወቅ ግዴታ አለበት።

ስለዚህ እህቶች፣ ማታ ማዕድ ሲቀርብ «ዛሬ ለጥቂት የተረፍክበት ነገር አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። እናንተም ሠራተኞች የሆናችሁ፣ ያጋጠማችሁን ሳትደብቁ ለኃላፊው ንገሩ፤ መመዝገቡንና መስተካከሉንም ተከታተሉ። በማዕድ ዙሪያ ብቻ ተነግሮ የቀረ ማስጠንቀቂያ የነገውን አደጋ አይከለክልም።