ዶላሩ ተለቀቀ ተባለ፤ መንገደኛው ግን እንደታሰረ ነው

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ዋጋ ለገበያ ለቀቅሁት አለ። ከዚያ በፊት 57 ብር ግድም የነበረው አንድ ዶላር ወር ሳይሞላው መቶን ዘለለ። የጥቁር ገበያ ዕድሜ አበቃ፣ ከእንግዲህ ዶላር ከባንክ ነው ተባልን።

እኔ ደግሞ እጠይቃለሁ፤ ይህ ዶላር ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ደርሷል ወይ? ከተሞቹ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለው ስማቸው አድጓል። ነገር ግን ለሕክምና ወደ ህንድ፣ ለሸቀጥ ወደ ዱባይ የሚነሳው ነዋሪ ፓስፖርቱን፣ ቪዛውንና ቲኬቱን ይዞ ቅርንጫፍ ባንክ ሲቀርብ «ዋናው መሥሪያ ቤት ሞክር» መባሉን ዛሬም እሰማለሁ። በዓለም ገና፣ በዊንጌት ወይም በአዲሱ ገበያ በኩል ታክሲ ተጋፍቶ መሐል ከተማ ሲደርስ ደግሞ «ነገ ተመለስ» ነው። ላም አለኝ በሰማይ! የማይመልሰው ደላላው ብቻ ነው። ደላላ ግን የባንክ ደረሰኝ አይሰጥም፤ ቦሌ ላይ ጉምሩክ ፊት የሚርበተበተው መንገደኛው ነው።

ካርድስ? ወገኔ፣ እዚህ ላይ እንዳትታለል። ከብር ሒሳብህ ጋር የተሰጠህ ካርድ ሰበታ ላይ ቢያኮራህም ባንኮክ ላይ ላያድንህ ይችላል። ቪዛ ወይም ማስተርካርድ የሚለው ምልክት ብቻውን አይበቃም። የውጭ ምንዛሪ የተሞላበት መሆኑን፣ የት አገር እንደሚሠራ፣ በቀን ስንት እንደሚያወጣና ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነ ሳትሄድ ጠይቅ። እዚያ ባለሱቁ «በዶላር ወይስ በአገሬው ገንዘብ?» ካለህ በአገሬው በል፤ በዶላር ካልህ ምንዛሪውን የሚተምኑልህ እነሱ ናቸው። ሆቴል ለመያዣ ገንዘብ ስለሚያግድ ካርዱን አታሟጥጠው። ማሽን ካርድ ይበላልና ጥቂት ጥሬ ገንዘብም ለብቻ ያዝ።

ሁሉን በመንገደኛው ጫንቃ መጫን ግን ፍርድ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ባንኮች ለውጭ ምንዛሪ አገልግሎት የሚያስከፍሉት ከ4 በመቶ እንዳይበልጥ ገደበ። ገደብ ማስፈለጉ ራሱ ከዚያ በፊት ምን ይበላ እንደነበር ይመሰክራል። ታዲያ የምንዛሪው ዋጋና የካርዱ ኮሚሽን በየቅርንጫፉ በር ላይ ይለጠፍ። የተከለከለ መንገደኛ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠው። የሱሉልታው ደንበኛ እዚያው ሱሉልታ ይስተናገድ።

ገበያው ነፃ ነው ብሎ ማወጅ ቀላል ነው። እኔ የማምነው የቡራዩ መንገደኛ ዶላሩን ከደላላ ጓዳ ሳይሆን ከሰፈሩ ባንክ መስኮት ሲቀበል ነው።