ለቦምብ የተፈቀደው ፍተሻ ለሌባ ዋለ

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 7 ቀን 2005 ለንደን ውስጥ በሦስት የምድር ባቡሮችና በአንድ አውቶቡስ ላይ በደረሰ የቦምብ ጥቃት 52 ሰዎች ተገደሉ። በዚያው ወር የኒውዮርክ ፖሊስ በምድር ባቡር ጣቢያዎች መግቢያ ላይ ቆሞ የተሳፋሪዎችን ቦርሳ መፈተሽ ጀመረ። ለመፈተሽ መጠርጠር አያስፈልግም፤ ተራ ቁጥሩ የደረሰበት ሁሉ ቦርሳውን ይከፍታል።

«አልፈተሽም» ያለስ? መብቱ ነው፤ ግን በዚያ በር አይገባም፣ ወደ መጣበት ይመለሳል። እንግዲህ ልብ በሉ! ከተማዋ ከ460 በላይ ጣቢያዎች አሏት። ፈንጂ የያዘ ሰው ዞር ብሎ በሚቀጥለው ጣቢያ ቢገባ ማን ይከለክለዋል? ሥራ የረፈደበት ሠራተኛ ግን የሚዞርበት ጊዜ የለውም። ታዲያ የሚፈተሸው ማን ሆነ?

የኒውዮርክ የሲቪል ነጻነቶች ኅብረት ይህንን ይዞ ተሟገተ። የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን በ2006 ለፖሊስ ፈረደ። አጥቂው ፍተሻው የት እንዳለ አለማወቁ ራሱ ይገታዋል፣ የሽብር አደጋውም ልዩ ነው ተባለ። ምክንያት የለሽ ፍተሻን የሚከለክለው አራተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በዚህ «ልዩ» ቀዳዳ ተበሳ።

ቀዳዳው ግን ሰፋ። በመጋቢት 2024 ገዥዋ ካቲ ሆቹል 750 የብሔራዊ ዘብ ወታደሮችን ለቦርሳ ፍተሻ አሰማሩ። ምክንያቱ ቦምብ አልነበረም፤ በባቡር ውስጥ የሚፈጸም ወንጀል ነው። ለአንድ ክፉ ቀን ተብሎ የተሰጠ ሥልጣን ለዘወትር ሥራ የሚውለው እንዲህ ነው።

ፖሊስ የጠረጠረውን ምክንያቱን ይዞ ይፈትሽ። ምክንያት ከሌለው መንገደኛውን ይተወው!