ዘበኛው መንቃቱን ማን አየ?

ለግቢያችን ዘበኛ የቀጠርን ሰዎች ሌሊት ወጣ ብለን «አለህ ወይ?» ማለታችን አይቀርም። የኮምፒውተራችንን ዘበኛ፣ ፀረ ቫይረሱን፣ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቀነው እናውቃለን?

የእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አካባቢ ልጆቻችን የትምህርት ጽሑፋቸውንና የሥራ ማመልከቻቸውን በፍላሽ ይዘው ፎቶ ኮፒ ቤት ይሄዳሉ። ፍላሹ ከአንዱ ኮምፒውተር የያዘውን ቫይረስ ለሌላው ያደርሳል። አንዳንዱ ቫይረስ ፋይሉን ደብቆ በቦታው ሾርትከት ብቻ ያስቀምጣል። ልጁ «ጠፋብኝ» ብሎ ፍላሹን ፎርማት ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ የዓመት ድካሙ እውነትም ይጠፋል። «ፀረ ቫይረስ አለን እኮ» ማለት መልስ አይሆንም። መኖሩ ሌላ፣ መሥራቱ ሌላ ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። «ኢካር» የሚባል፣ በ68 ፊደላትና ምልክቶች የተጻፈ ፋይል አለ። ቫይረስ አይደለም፣ ጉዳትም የለውም፤ ፀረ ቫይረስ ሲያየው እንዲጮህ ሠሪዎቹ የተስማሙበት ነው። ዝም ካለ ዘበኛው ተኝቷል ማለት ነው።

ቢጮህም አዲሱን ሌባ ሁሉ ያውቃል ማለት አይደለምና ማደስ ግድ ነው። ግንቦት 2009 ዓ.ም. «ዋናክራይ» የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሳይቀር ሲያውክ፣ ማይክሮሶፍት መከላከያውን ካወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር።

ስለዚህ ባለ ፎቶ ኮፒ ቤቶች በየወሩ ይፈትኑ፣ በየጊዜው ያድሱ፣ ፍላሽ ሳይመረምሩ አይክፈቱ እንላለን። እኛም «መርምረኸዋል ወይ?» ብለን እንጠይቅ፤ መጠየቅ ነውር የለውም። የጽሑፋችንንም ቅጂ ቤት እናስቀር።