«አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም



በደሴና በኮምቦልቻ ግቢዎች መካከል በቴሌግራም ከሚመላለሱት ጥያቄዎች አንዱ በየሴሚስተሩ አይቀርም። «ፕሮግራሙን ጫንኩት፤ ስጠራው ግን ‹ኮማንድ ኖት ፋውንድ› ይለኛል፤ ምን ላድርግ?» መልሱም የታወቀ ነው፤ «ፎርማት አድርገህ ኡቡንቱን እንደገና ጫነው።» ይህ መልስ ከጀመዓችን መቅረት አለበት እንላለን። የኡቡንቱ 24.04 ፋይል ብቻ ከ5 ጊጋ ባይት በላይ ነው። የተማሪ የኢንተርኔት ጥቅል ስንት ቀን እንደሚቆይ ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን።

እስቲ መልእክቱን እናንብበው። ማሽኑ ያለው «አላገኘሁትም» ነው፤ «የለም» አላለም። መድረሳ የተቀመጠ ሰው ለዚህ ልዩነት እንግዳ አይደለም፤ አለማግኘት ብቻውን ለአለመኖር ማስረጃ እንደማይሆን የኡሱል ኡስታዞች ደጋግመው ያስተምራሉ።

ትእዛዛችንን የሚቀበለው ሼል ዲስኩን በሙሉ አያስስም። ፓዝ የሚባል የፎልደሮች ዝርዝር አለው፤ አድራሻዎቹ በሁለት ነጥብ ተለያይተው ተደርድረዋል። ከግራ ወደ ቀኝ እያንዳንዱን ያያል፣ መጀመሪያ ያገኘውን ያስነሳል፣ ዝርዝሩ ካለቀ ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል። የወሎ ደረሳ ፊቅህን ከአንዱ ሸህ፣ ነህውን ከሌላው ፍለጋ ከመንደር መንደር ይዞራል። ማንም ያልጠቆመው መንደር ያሉትን ሸህ አያገኛቸውም፤ እሳቸው ግን እዚያው እያስቀሩ ነው። ሼሉም እንደዚያ ነው። አሠራሩ አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ከወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ እትም ጀምሮ ያለ ነው።

በግቢያችን በብዛት የሚያጋጥመው በፒፕ ወይም በፒፕኤክስ የተጫነ የፓይተን መሣሪያ ነው። እነዚህ ፕሮግራሙን ብዙ ጊዜ የሚያስቀምጡት በተጠቃሚው ሆም ውስጥ፣ «.ሎካል» በሚባለው ስውር ፎልደር ሥር ባለው «ቢን» ነው። ኡቡንቱ ይህን ቦታ ፓዝ ላይ የሚጨምረው ሎግ ኢን በምናደርግበት ሰዓት ፎልደሩ ካለ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን መሣሪያ ስንጭን ፎልደሩ ገና መፈጠሩ ነው፤ ሎግ ኢን ያደረግነው ግን ቀደም ብለን ነው። መድኃኒቱ ሎግ አውት ብሎ መመለስ ብቻ! ፎርማት ያደረገው ልጅም «ተስተካከለልኝ» የሚለው አንዳንዴ በዚሁ ምክንያት ይሆናል፤ ለዚህ ሲል ግን የሴሚስተሩን ፋይል ሁሉ አጥቷል።

ከዊንዶውስ የመጣ ሰው ደግሞ በሲ የጻፈውን ፕሮግራም ኮምፓይል አድርጎ በስሙ ይጠራዋል። ዊንዶውስ አሁን ያለንበትን ፎልደር ያያል፤ ሊኑክስ ሆን ብሎ አያይም፤ ስለዚህ ከስሙ በፊት ነጥብና ስላሽ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህ ክፋት አይደለም፤ በጋራ ኮምፒውተር ላይ አንድ ተንኮለኛ በታወቀ ትእዛዝ ስም የራሱን ፕሮግራም አስቀምጦ እንዳያስነሳን ነው።

አዲስ ፎልደር ለዘለቄታው መጨመር የፈለገ ሆም ውስጥ ባለው «.ባሽአርሲ» መጨረሻ ላይ አንድ የኤክስፖርት መስመር ይጽፋል። ተርሚናል ላይ ብቻ የተጻፈ ኤክስፖርት መስኮቱ ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል። በመስመሩ ውስጥ ከዶላር ምልክት ጋር የሚጻፈው የድሮው ፓዝ ከተረሳ ዝርዝሩ በሙሉ ይደመሰሳል፤ ኤልኤስም፣ ናኖም፣ ሱዶም «አልተገኘም» ይባላሉ። ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ግን ሲዲና ኤኮ የሼሉ የራሱ ስለሆኑ ይሠራሉ፤ ናኖንም በሙሉ አድራሻው «/ዩኤስአር/ቢን/ናኖ» ብሎ ጠርቶ መስመሩን ማረም ይቻላል። (ሱዶ ብዙ ጊዜ የራሱ ሌላ ዝርዝር አለው፤ ለኛ የሚሠራ ትእዛዝ በሱዶ ሲጠራ ቢጠፋ አይግረማችሁ።)

ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው «ላፕቶፑን አምጣው፣ እኔ አስተካክልልሃለሁ» የሚለው ልማድ ስለማያስደስተን ነው። ኸይር ይመስላል፤ ግን ወንድም ለወንድም ብቻ የሚደርስ ኸይር ነው። አንዲት እህት ላፕቶፗን የግል ፎቶዋና ፋይሏ እንዳለበት ለማታውቀው ሲኒየር ሰጥታ እንድታድር አንጠብቅባትም፤ እሷም አትሰጥም። ስለዚህ አሳይንመንቱን ትተወዋለች፣ ወይም ዊንዶውስ ላይ እየታገለች ትቀራለች። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ግቢዎቻችን ከተዘረፉ ወዲህ ደግሞ አንዱን ላፕቶፕ ለሦስት የሚጠቀሙም አሉ። እሱ ሲበላሽ የሦስቱም ሥራ ይቆማል።

ለሹራችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ በሚሰጠው የቱቶሪያል ሰዓት አንዱን ለዚህ እንስጠው። ፓዙ ሆን ተብሎ የተበላሸ አንድ ላፕቶፕ ይቅረብ፤ ኪቦርዱን የሚነካው ጀማሪው ብቻ ይሁን፤ ሲኒየሩ በአፉ ብቻ ይርዳ። የእህቶች ዘርፍ በራሱ ሰዓት፣ በራሱ አስተማሪ ያካሂደው። ከሦስተኛ ዓመት በላይ ያሉ የምህንድስናና የኢንፎርማቲክስ እህቶቻችን ይህን ለመምራት ማንንም መጠበቅ የለባቸውም፤ ፈቃደኛ የሆነች ለዘርፉ ተጠሪ ትንገር፤ ኢንሻአላህ ከሚድ ፈተና በፊት እንጀምር።