ኮታው ቢሄድ ጌታው ቀረ

«ነፃ ገበያ» ሲባል እሰማለሁ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ቅጽልና ስም ሲጣሉብኝ «የትኛው ነው የሚዋሸው?» ብዬ ተማሪዎቼን እጠይቅ ነበር። እዚህ ላይ የሚዋሸው ቅጽሉ ነው።

ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የሚያርሰውን የአምባሰል ገበሬ እንውሰድ። በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ኮታ ጣለበት፤ ዋጋም ቆረጠለት። ኮታ ለመሙላት ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረከበ ገበሬ በየአገሩ ስንት ነበር! የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጁ ብዙዎቹ የአምራቾች ማኅበራት በአጭር ጊዜ ፈረሱ። ገበሬው በሬውን ነድቶ ወጣ። ሰባኪ አላስፈለገውም፤ ስሌቱን ያውቀዋል።

ከዚያስ? ኮታው ሄደና የማዳበሪያ ዕዳ መጣ። ክልሉ ለብድሩ ዋስ ሆነ፤ ዋሱም ዞሮ አስከፋይ ሆነ። ዕዳው የሚጠየቀው አዝመራ በተሰበሰበ ማግስት፣ እህል በረከሰበት ሰሞን ነበር። በጥር የሸጠውን በሐምሌ በውድ ይገዛዋል። ዋጋው ነፃ ወጣ፤ ሻጩ ግን አልወጣም።

ማዳበሪያውንስ ማን ያመጣው ነበር? በ1985 ዓ.ም. ገደማ «ንግዱ ለሁሉም ክፍት ነው» ተባለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የግል አስመጪዎቹ ከሜዳው ወጥተው የመንግሥት ድርጅትና ከገዢው ግንባር ፓርቲዎች ጋር የተሳሰሩ ኩባንያዎች ቀሩ። በአማራ ክልል የነበረው ስሙ ማን ነበር? አምባሰል! ለገበሬው ተራራውን ትተውለት ስሙን ወሰዱበት።

«ታዲያ ኮታው ይመለስ ነው የምትለው?» የሚለኝ አይጠፋም። አላልኩም! ግን «ገበያው ራሱ ያስተካክለዋል» ባዩም ይስማኝ። በ1965ቱ ረሃብ ወሎ ውስጥ ሶሻሊዝም አልነበረም። አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ወሎ እየተራበ እህል ከወሎ ይወጣ ነበር። የተራበው መግዣ አልነበረውማ! ገበያ የሚሰማው ኪስ ያለውን ነው።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅም «ተሻገርን» ያለ አልጠፋም። ማን ተሻገረ? የአምባሰል ገበሬ እህሉን አስይዞ የሚበደርበት መጋዘን በቅርቡ ይኑረው። የሚከፍለው ሁሉ ቀኑ ከአዝመራ ማግስት ይራቅለት። ማዳበሪያ የሚሸጥለትንም እሱ ይምረጥ። ገበያው ነፃ የሚሆነው ገበሬው «ዛሬ አልሸጥም» ብሎ እህሉን ጭኖ ቤቱ መመለስ የቻለ ዕለት ነው።