ከልጆች ጋራ ስለ ተጫወተችው ዶልፊን

ዶልፊን የሚባለው የባሕር እንስሳ ዓሣ ይመስላል እንጂ ዓሣ አይደለም፤ በሳንባ ይተነፍሳል፣ ግልገሉንም ወተት ያጠባል። ከዚህ ወገን አንዲቱ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1955 ዓ.ም. በኒው ዚላንድ አገር ኦፖኖኒ ወደምትባል የባሕር ዳር መንደር መጣች። መጀመሪያ ጀልባ ትከተል ነበር፤ በመቅዘፊያ ጀርባዋን ቢያኩላትም ደስ ይላት ነበር። በኋላ ጥልቀት ወደሌለው ውሃ ቀርባ ከልጆች ጋራ ኳስ ትጫወት ጀመር። ስሟንም ኦፖ አሏት።

ሊያቀርባት የሚሻ ሰው በውሃው ውስጥ ቆሞ በጸጥታ ይጠብቃት ነበር። ሊይዛት የሚሮጠውን ትሸሸዋለች፤ እጁን በቀስታ የሚዘረጋውን ግን ራሷ ትቀርበዋለች። ይልቁንም አንዲት ጠባየ ለስላሳ የ13 ዓመት ልጃገረድ ወዳ በጀርባዋ ታስቀምጣት ነበር። ይህን ስናነብ የቤታችን ልጆች ድመቲቱን በጅራቷ ሲጎትቱ ትዝ አሉን።

ወሬዋ በተሰማ ጊዜ ብዙ ሺህ ሰው ወደ መንደሪቱ ጎረፈ። ከመካከላቸውም ክንፏን ይዘው የሚያስጨንቋት ስለ ነበሩ ሕዝቡ የሚጠብቃት ሕግ እንዲወጣላት ለመነ። ሕግ በወረቀት ላይ ምን ያህል እንደሚዘገይ እኛ የጽሕፈት ሰዎች እናውቃለን። በ1956 ዓ.ም. ማርች 8 ቀን ታወጀ፤ በማግሥቱ ኦፖ በቋጥኝ መካከል ተቀርቅራ ሞታ ተገኘች። የመንደሩ ሰዎችም በአዳራሻቸው አጠገብ በክብር ቀበሯት።