የጭሱን ሒሳብ ማን ይከፍላል?

ድሬ ዳዋ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ለመከራየት ደላላ ይዞ የዞረ ሰው ከኪራዩ ዋጋ ጋር ብዙ ጊዜ አንድ ቅድመ ሁኔታ ይነገረዋል። «ምጣድ አይፈቀድም» የሚል ነው። ይህ ቃል በውል ወረቀት ላይ እምብዛም አይሰፍርም። ሆኖም ተከራይዋ እንጀራዋን በኤሌክትሪክ ሳይሆን በእንጨት እንድትጋግር፣ ወጧንም በከሰል እንድትሠራ የሚወስነው እርሱ ነው።

አከራዩ ይህን የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። የመብራት ታሪፍ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ዋጋው ከፍ የሚል በመሆኑ፣ አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሁሉም በውዱ እርከን ይከፍላል። ክርክሩም የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው። አከራዩ ከዚህ ጭቅጭቅ ለመገላገል ምጣዱን ይከለክላል፤ ወጪው ግን አልጠፋም። ከመብራት ደረሰኝ ላይ ተነስቶ ወደ ሐኪም ቤት ካርድ ተዛወረ እንጂ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ የማብሰያ ጭስ ሳቢያ በመላው ዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከ237 ሺህ የሚበልጡት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። ጭሱ በሕፃናት ላይ የሳንባ ምች፣ በአዋቂዎች ላይ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ፣ የልብ ሕመምና ስትሮክ ያስከትላል። በአገራችን አብዛኛው ቤተሰብ ዛሬም የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ነው። ምድጃው ሥር ተቀምጣ የምትውለው እናት፣ በጀርባዋ የታዘለውም ሕፃን ነው።

ከሰል አይጨስምና ደህና ነው የሚሉ አሉ። ስህተት ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ የማይታይና የማይሸት ጋዝ ይለቃል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል። የድሬ ሙቀት ብዙውን ሰው በግቢ እንዲያበስል ቢያስገድደውም፣ በቆርቆሮ በታጠረች ጠባብ ማዕድ ቤት ውስጥ የምትጋግረው ሴት ይህ ዕድል የላትም።

ጉዳዩ የገበያ ገጽ ላይ ምን አመጣው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ልጁን ይዞ ሐኪም ቤት የዋለ ሠራተኛ ሱቅዎን አልከፈተም። ለመድኃኒት የከፈለ ተከራይም ኪራዩን በቀኑ አያመጣም።

መፍትሔው የሚጀምረው ከቤት ሠሪው ነው። በሳቢያንም ሆነ በሌላ ሰፈር ለኪራይ የሚገነባ ባለሀብት ለየቤቱ የተለየ ቆጣሪ ቢያስገባ ክልከላው ምክንያት ያጣል። ይህ እስኪሆን ማዕድ ቤቱን ከመኝታው መለየት፣ መስኮትና የጭስ መውጫ ማውጣት የጥቂት ብሎኬት ወጪ ነው። መብራት ይጠፋል ለሚለውም መልስ አለ። በ1980ዎቹ የተዋወቀው ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ጭሱን ጨርሶ ባያጠፋውም ያሳንሰዋል። የሚሠራው ከሲሚንቶ ነው። ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ ሲሚንቶ ስታመርት ለኖረች ከተማ ይህ የውጭ ምንዛሪ የማይጠይቅ ሥራ ነው። አነስተኛ ካፒታል ይዞ ሥራ የሚፈልግ ሰው ሊያስብበት ይገባል።

ታላቁ የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ኃይሉ ከጉባ ተነስቶ ድሬ ቢደርስም፣ በአከራዩ ክልከላ ደጃፍ ላይ ከቆመ ለተከራይዋ ምን ጠቀማት? ደላሎችም ቢሆኑ «ምጣድ ይፈቀዳል» የሚለውን ቤት በተሻለ ዋጋ ማከራየት እንደሚቻል ለአከራዮቻቸው ቢነግሩ፣ ኮሚሽናቸው አይቀንስም።